ጭማሪ አሽታቿ አከራዬ

እናንተ ዘንድ ጭማሪ አሽታች አለ? እኛ አሰላ አከራዬ እትዬ አስካለ አሉልን። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሊጨመር ነው ሲባል እኛ ገና በሬዲዮ ስንሰማ፣ እሳቸው ኪራይ ጨምረው ይጨርሳሉ። ድንች እንኳ ሰማይ በነካበት በዚህ ጊዜ!

ባለፈው እሑድ በሬን አንኳኩ። «መምህር፣ መቼም ተጨመረላችሁ፤ እንግዲህ ኪራዩም...» ብለው ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። ጢቾ ተመድባ የምትሠራው ነርሷ ልጃቸው ናት። ለካ የእሷም አከራይ ኪራይ ጨምሮባት ኖሯል።

«ምን?!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። «ጭማሪው እጅሽ ሳይገባ? ሰውዬው እግዜርን አይፈራም? አንድ ሳንቲም እንዳትጨምሪለት!»

ስልኩን ዘግተው ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። ድል ያደረገ ጄኔራል ይለፈልፋል እንዴ? በሩን ብቻ ወለል አድርጌ ከፈትኩላቸው።

ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩና፣ «የመጣሁትስ... ያፈሳል ያልከኝን ጣሪያ ልይ ብዬ ነው» አሉ።

ሁለት ክረምት የለመንኩበት ጣሪያ በማግስቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። የደመወዝ ጭማሪዬስ? እሱማ ገና ሬዲዮ ውስጥ ነው።