ሰው የሚበዛበት ቦታ

ሰው በዚህ ዓለም ብዙ ነገር ይመርጣል፤ ከመረጠው ሁሉ ግን እንደ ቦታ የሚያስቸግር የለም። ሚስት ብታኮርፍ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፤ ዘር ባይበቅል ገልብጦ ማረስ ነው፤ በሬ ቢለግም ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ጠባዩን ለማያውቅ ሰው መሸጥ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለንና። ቦታ ግን አንዴ ከተመረጠ ተመረጠ። ጎጆህን ጎርፍ መውረጃ ላይ ብትቀልስ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ «ለካ ሰው አለ» ብሎ አይዞርልህም።

አባቴ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ቤት ሠርቷል። ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ ላሟን ወስዶ መሬቱ ላይ ለቀቃት። ተኝታ ስታመነዥክ ካያት ምሰሶውን እዚያው ይተክላል፤ ቆማ ከዋለች ግን መሬቱ ወርቅ ቢያበቅል አይነካውም። እኔም የሱ ልጅ ነኝና ቦታ ታውቃለች እባላለሁ። የመቃብሬን ቦታ ሳይቀር መርጫለሁ፤ ከደብሩ በስተምሥራቅ፣ ከወይራዋ ሥር ነው። ንፋስ መውጫ ስኖር ንፋስ የማይደርስበት ቦታ ያገኘሁት ያንን ብቻ ነው። ችግሩ፣ ለመጠቀም መሞት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህን ያህል ቦታ አዋቂ የሆንኩት ሴትዮ ለልጅ ልጄ የሱቅ ቦታ መርጬለት ምን እንደመጣ ልንገራችሁ።

ይበልጣል የትልቋ ልጄ ልጅ ነው። እናቱ ጡት ሳያስጥለው ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ጉልበቱ ዞሮ እስኪያስቀረው ድረስ ኳስ ተጫዋች ነበር። ኋላ ባሕር ዳር ሄዶ ሰው ሱቅ ተቀጠረና፣ ዐምና ዕቃውን በመኪና ጭኖ መጣ።

«እማዋይ፣ ሱቅ ልከፍት ነው» አለኝ።

«እሰይ! ጨውና ሳሙና ከዚህ ሰፈር ርቆብን ነበር።»

«የምን ጨው! የስፖርት ዕቃ ነው። ማልያ፣ ታኬታ፣ ኳስ፣ የሩጫ ጫማ።»

«እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ።»

«ኳስ ያልገዛ ሰው ምን ይሆናል? ይራባል? ይበርደዋል?»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ «ይኸ ካልሆነልኝ ግን እማዋይ፣ እኔም እንደ ጋሻው መሄዴ ነው» አለኝ።

ጋሻው ማለት አብሮ አደጉ ነው፤ ከሜዳው ልጆች አሥር ቁጥር የሚለብሰው። ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። እናቱን ባገኘኋት ቁጥር «ደወለ?» እላታለሁ፤ «ኔትወርክ የለም ይሆናል» ትለኛለች። ስለዚህ የዚያን ቀን ሱቁ ስለ ኳስ መሆኑ ቀረና ስለ ልጄ እግር ሆነ። ሱቁ ከቆመ ልጁ ይቆማል፤ ሱቁ ከወደቀ ልጁ ይሄዳል። እኔ የገባኝ ይኸው ነው።

ይበልጣል ቦታ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ከተማውን ዞረ። መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ቆጠረ፤ ሰውማ ሞልቷል፣ ግን ሁሉም መኪና ሊያመልጠው ነው፣ ኪራዩም የሚቀመስ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይም ቆመ፤ ተማሪው ታኬታውን በዓይኑ ለብሶ፣ በዓይኑ ተጫውቶ፣ በዓይኑ አውልቆ ይሄዳል። ልጁ ግራ ሲገባው እኔ ገባሁበት። ምነው እግሬን በሰበረው!

«ሰው የሚበዛበት ቦታ ከፈለግህ እኔን ጠይቀኝ» አልኩት። «ከደብሩ በላይ፣ ከተማው ጫፍ፣ ሜዳው አጠገብ ያለው መንገድ ነው። እኔ በዚያ መንገድ በሄድኩ ቁጥር ሰው ሳይጋፋኝ ተመልሼ አላውቅም።»

ረቡዕ ሄዶ አይቶት መጣ። «እማዋይ፣ አንዲት ፍየል ብቻ ነው ያገኘሁ።»

«ረቡዕ ስለሆነ ነዋ!»

አሰበበት። ሜዳው አጠገብ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ኪራዩ ቀላል ነው። ባጃጅ ይደርሳል። ምክሬን ሰማኝ። ምክር ያልሰማን መከራ ይመክረዋል ይባላል፤ የኔ ልጅ ግን ምክር ሰምቶ ነው መከራ ያገኘው። ሌላም ነገር ነበረ፤ ለሱ አልነገርኩትም እንጂ ለናንተ አልደብቅም። ቦታው ከቤቴ ሦስት ደጃፍ ያህል ነው። ደጄ ላይ ብቀመጥ የሱቁ በር ይታየኛል። በሩ ከተከፈተ ልጄ አለ ማለት ነው።

ጠበል አስረጭተን ከፈትን። ማልያው እንደ ደመራ አበባ ተሰቅሎ፣ ኳሱ በመረብ ተንጠልጥሎ፣ ፊሽካው በክር ተደርድሮ ያምር ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፊሽካ ተሸጠ፤ የገዛውም ወፍ ከማሳ ሊያባርርበት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደጄ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ ከላይ ከቁልቁለቱ ሰው እንደ ጎርፍ ሲወርድ አየሁ። ምስሩን በትኜ ሮጥኩ።

«ይበልጣል! መጡልህ! አላልኩህም?»

ልጄ ፀጉሩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሰዉ ቀረበ። ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቋል። ከፊት የተሸከሙት ቃሬዛ ነው።

እንግዲህ በኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ሱቅ ይዘጋል። ይበልጣል ፈገግታውን አጥፎ በሩን ዘጋ። ሰዉ አለፈ። ቀብረው ሲመለሱ ደግሞ ለቀስተኛ መንገድ ላይ አይገበይም፤ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ነው። ሰው ሁሉ አልፎ መንገዱ ለፍየሏ ሲቀር፣ ልጄ በሩን መልሶ ከፈተ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከቤት የምወጣው የዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ብቻ ነው፤ ሱቁ እስኪከፈት ድረስ ሌላውን ቀን ጓሮ ነበር የምውለው። በዚያ መንገድ የሄድኩት ለቀብር፣ የተጋፋኝም ለቀስተኛ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀብር እያየሁ ገበያ መስሎኝ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣ ይዘጋል፣ ሰው ሲሄድ ይከፍታል። ጎረቤቴ ዝናሽ ምላሷ እንደ ጎራዴ ነው፣ መቼ ዝም ትላለች!

«አስካልዬ፣ ለልጅሽ የመረጥሽለት ሱቅ ነው ወይስ ፍትሐት ቤት?»

«አንቺን እስክንሸኝ ነው» አልኳት። «ያን ዕለት በሩን እኔ ራሴ ነኝ የምዘጋልሽ።»

ተሳሳቅን። ሆዴ ግን አልሳቀም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ከሰዓት ሳልጠራ ብገባ፣ ይበልጣል ከመደርደሪያው የሩጫ ጫማ አውርዶ ይለካል። ወፍራም ሶል ያለው፣ ጠንካራው ነው። ቆመ፣ ተራመደ፣ ጣቱን በተረከዙ አስገብቶ ሞከረ።

«ልትሮጥ ነው እንዴ? ጉልበትህስ?» አልኩት።

«ለመንገድ ነው እማዋይ። ይኸን ወር አይና...» ቀሪውን አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም።

በሦስተኛው ቀን የዚያ ጫማ አንዱ እግር ጠፋ። ልጁ ሱቁን ገለባበጠው። «አሁን አንድ እግር ጫማ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። «አንድ እግሩ ይሆናላ» አልኩት። ሌላ በልኩ አልነበረም፤ ከባሕር ዳር እስኪያስመጣ ድረስ ቆየ።

በዚያው ሰሞን የጋሻው መርዶ መጣ። የሞተው ጀልባው ባሕሩን ሳይሻገር ነው አሉ፤ ከኋላው የሄደ ያገራችን ልጅ ነው የነገረ። ሬሳ የለም። መቃብር የለም። የት እንደሆነ እንኳ የሚናገር ሰው የለም። ለቅሶው የሚወጣው እሱ ይጫወትበት በነበረው ሜዳ ላይ ተባለ። ጠዋት ሰዉ በቁልቁለቱ መውረድ ሲጀምር ይበልጣል እንደ ልማዱ በሩን ዘጋ፤ ውስጥ ሆኖ ግን አብሮ አደጉን ያለቅሳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። በሩ ተንኳኳ።

«ይበልጣል፣ ክፈት» አለ አንድ ድምፅ። አብሯቸው ይጫወት የነበረው ግብ ጠባቂው ነው።

«ዛሬ አልሸጥም። ነውር ነው።»

«ክፈት እንጂ! አሥር ቁጥር ስጠን።»

«በጋሻው ለቅሶ ቀን ማልያ ልሽጥ?»

ከዚያ ግብ ጠባቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሬሳ የለንም እኮ። ምን ይዘን እናልቅስ?» አለ።

የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ ልብሱ፣ ጦሩ፣ ጠመንጃው ተይዞ ነው የሚለቀሰው፤ ከጥንትም እንዲሁ ነበር። ይኸ ልጅ ግን ያለችውን ልብስ ለብሶ ሄዷል። ምን ይያዝለት? ይበልጣል በሩን ከፈተ። አረንጓዴ ማልያ አወረደ፤ ቁጥሩንና ስሙን በጀርባው ላይ በካውያ ተኮሰ። አንዷ ፊደል ትንሽ ዘመመች። ዋጋ የጠየቀም የተናገረም የለም። ልጆቹ ማልያውን በሁለት እንጨት ወጥረው ወደ ሜዳው ይዘውት ወጡ፤ አልቃሿም ስታየው ወዲያው ተቀበለችው፦

አሥር ቁጥር ለብሶ ሜዳ ያስጨነቀ፣
ማልያው መጣልኝ ልጄ የት ወደቀ።

እናቱ ማልያውን ቀምታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። እስኪመሽ ማንም ከእጇ አላስለቀቃትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ወሬ ክንፍ አለው። በሳምንቱ ከታች ጋይንት አንድ አባት መጣ፤ የልጁን ስም በወረቀት አጽፎ ይዟል። ከስማዳ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ሳይቀር መኪና ቀይረው የመጡ አሉ። አንዳንዱ ለለቅሶ፣ አንዳንዱ ለአርባ፣ አንዳንዱ ለሙት ዓመት። ይኸን ያህል ልጅ እንደጎደለን እኔ አላውቅም ነበር፤ ለካ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። አሁን ሬሳ ሲያልፍ የሚዘጋው በር፣ ሬሳ የሌለው ለቀስተኛ ሲመጣ ይከፈታል። ይበልጣልም ሌላ ጫማ ማስመጣቱን ትቶታል። «ዘንድሮን ደግሞ ልየው» አለኝ። ዘንድሮን! የሚመጣውን ዓመት ለማን እንደተወው አልጠየቅሁትም።

ዝናሽ እንኳ በቀደም አጠገቤ ቁጭ ብላ ደንበኛውን ስታይ ቆየችና፣ «ቦታ መምረጥስ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ስድብ ቢሆን በተሻለኝ።

የጨነቀኝ ጸሎቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ደብሩ ዞሬ «ለልጄ ገበያ ስጠው» እል ነበር። አሁን ምን ልበል? ገበያ ስጠው ብል የሌላ ሰው ልጅ ሞት መለመኔ ነው። አትስጠው ብል የኔ ልጅ መንገድ ሊወጣ ነው። ቢቸግረኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ፣ መሬት መሬት ሲያዩ፣ ኋላም ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ቆዩና፣ «አስካል፣ ለጊዜው ስለ ዝናቡ ጸልዪ» አሉኝ።

ይኸው ስለ ዝናቡ እጸልያለሁ። ዝናቡም ደኅና ነው፤ ገብሱ አምሯል፣ ጎታዬ እስከ አፉ ሞልቷል። ሞልቷል ስላችሁ ታዲያ ሁሉም ገብስ አይደለም። ከሥሩ አንድ የግራ እግር ጫማ አለበት፤ ወፍራም ሶል ያለው፣ ጠንካራው። ይበልጣል እስከ ዛሬ ሌባ የወሰደው ነው የሚመስለው፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ። ገብሱ ጎደል ሲል እኔ ቶሎ ብዬ ከላይ እሞላዋለሁ።