በግማሽ ፊት ሽምግልና

ፊቴ የራሴ ነው የሚል ሰው ካያችሁ፣ ፊቱ ገና አልከዳውም ማለት ነው። የእኔው ከዳኝ! መጀመሪያ ግራ ጆሮዬን ጠዘጠዘኝ፤ ቀጥሎ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው በዳማከሴ አሹኝ። በማግስቱ ልጉመጥመጥ ብል ውሃው በግራ በኩል ደረቴ ላይ ፈሰሰ... ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ ብሏል።

ፍኖተ ሰላም ያየችኝ ሐኪም አልማዝ ባለጭራ ነው አለችኝ። በልጅነቴ የያዘኝ ጉድፍ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ፣ በስተርጅና ነቅቶ የፊቴን ነርቭ መታው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ድምፁን አላሰማም! ክኒንና የዓይን ጠብታ ሰጥታ፣ በቶሎ መምጣቴ ደግ እንደሆነ ነግራ ሸኘችኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በዚያው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ቡሬ ቀጠሮ አለን። ተናጋሪው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አንደበተ ርቱዕ ተብዬ! ልቅር ብል አብረውኝ የሚሄዱት ቄስና ሌላው ሽማግሌ አሻፈረኝ አሉ። የልጅቱ አባት የቀረ ሽማግሌ እንደ ንቀት ነው የሚቆጥሩት። ልጁ ደግሞ ያለ እሷ እህል አልቀምስም ብሏል። ሄድኩ።

እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለን ደጃፍ ቆምን። ልናገር ብል «በ» እና «መ» ከከንፈሬ አልወጣ አሉ። የማይከደነው ግራ ዓይኔ ነፋስ ሲነካው እንባውን ያወርደዋል፤ በጋቢዬ እጠርጋለሁ፣ እሱ ይፈሳል። አባትየው ትክ ብለው አዩኝ። የፈሩት ይደርሳል አልኩ በሆዴ። የልጁ ትዳር በእኔ አፍ ሊቀር ነው።

ቆይተው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«ደጄን ብዙ ሽማግሌ ረግጦታል» አሉ። «ሁሉም ለወጉ መጥቶ ለወጉ ይሄዳል። እኚህ ሰው ግን ለልጃቸው ብለው አለቀሱ። እንዲህ የሚያለቅስለት ዘመድ ያለው፣ ልጄን አይበድልብኝም። ሰጥቻችኋለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን! አገራችን ላይ ይህ ተሰምቶ ያውቃል? በሽታ ነው ልል ከንፈሬን እስካስተካክል፣ ቄሱ ክንዴን ጨመቅ አደረጉኝ። ቃሌን ውጬ እጅ ነሣሁ። ደስታው ሲበዛብኝ ቀኙም ዓይኔ አለቀሰ፤ ይኸኛው እንኳ የበሽታ አልነበረም።

አሁን ፊቴ እየተመለሰ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ጓደኛ ባጃጁን አቁሞ ሰላም አለኝ። ደምበጫ የወደዳት ልጅ አለችው። ፊቴን አተኩሮ ሲያይ ሳለ የእሱ ፊት ጠቆረ።

«ጋሼ፣ እየተሻለዎት ነው እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

«ይመስገን...» አለ ቅር እያለው። «ብቻ ጋሼ፣ ጨርሰው ሳይድኑ ደምበጫ ደርሰውልኝ ቢመለሱ?»