አንድ-ዓይኑ በሥራ አስኪያጁ ጉንጭ ላይ ያረፈችውን ነጥብ ድል እንደ ነሣ

ንዌጥን እንከ፤ እንግዲህ እንጀምር። ዘመነ ቲዩብ አልፎ፣ ዘመነ ሲሲዲ ተፈጽሞ፣ ሲሞስ የሚባለው ሴንሰር በካሜራዎች ሆድ ውስጥ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ካሜራ ሁለት በእጁ በገባ በዐሥራ ዘጠነኛው፣ ለሥልጠና የተጻፈ ስሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም በተተካ በማግሥቱ ዓመት፣ ይህ ታላቅ ድል ተደረገ። ጀግናውም ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ብቻ የካሜራ መመልከቻ ሲያይ ስለ ኖረ የሥራ ባልደረቦቹ አንድ-ዓይኑ ብለው የሰየሙት፣ የስምንተኛ ክፍል ሊቅ፣ የትራይፖድ ዓምድ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ደጀን፣ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ «ሌሎችም» ተብሎ የሚጻፈው እርሱ ነው።

ነገሩም እንዲህ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በየሰኞው በካሜራ ሁለት ፊት ተቀምጠው ለሕዝቡ ምክር ሲለግሱ፣ የሚሰማ ባይገኝም ሲለግሱ፣ በአንዱ ሰኞ በግራ ጉንጫቸው ላይ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ታየች። ምላሱ ከቅቤ የለሰለሰው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊም ፈጥኖ አወጀ፦ «እሰይ! ማርያም ስማዎታለች!»

ሥራ አስኪያጁም ሳምንቱን ሙሉ ጉንጫቸውን እየዳበሱ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ወንበራቸውን ጥቂት ፈቀቅ ቢያደርጉት፣ ነጥቧ ከጉንጫቸው ተነሥታ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ጉብ አለች። ማርያም በየሰኞው ቦታ እየቀያየረች ትስማለች እንዴ እያሉም ሠራተኞቹ በየኮሪደሩ ተንሾካሾኩ። ያን ጊዜ ቁጣ ሆነ፤ ከላይም አዋጅ ወረደ፦ «ወይ ነጥቧ ትውጣ፣ ወይ ካሜራው ይውጣ! እስከ ሰኞ ካልጠፋች ካሜራውም ያዡም መጋዘን ይገባሉ!»

መጋዘን ማለት፣ የማያውቅ ይወቅ፣ የቀድሞው መብራት አብሪ ለአንድ ቀን ተብሎ የገባበት፣ ይኸው ዐራት ዓመቱ እግር የሌላቸውን ወንበሮች የሚጠብቅበት ጨለማ ነው። አንድ-ዓይኑም ይህን ሰምቶ ሁለት እጆቹን ተመለከተ። ካሜራ ያልያዘ እጅ ምን ይይዛል?

ወእምዝ ሜካፕ ሠሪዋ ተወቀሰች፤ እርሷም ብሩሿን እንደ ጦር ነቅንቃ አወጀች፦ «እኔ የምቀባው ፊት ነው፣ ካሜራ አልቀባም! ወደዚያ!»

ቀጥሎም የሥራ አስኪያጁ ዋርሳ፣ የሚስታቸው ወንድም፣ በአንድ-ዓይኑ ስም ፈንታ ሠልጥኖ የመጣው፣ የሥልጠናውን ቦርሳ እስከ ዛሬ ከትከሻው ያላወረደው፣ ተነሣ። ሌንሱን ነቅሎ በሴንሰሯ ላይ ባትሪ አበራ። ሴንሰርስ ብርሃንን ተቀብላ ምስል የምታደርግ፣ የፖስታ ቴምብር የምታህል ገበታ ናት። ነጥቧ በስክሪኑ ከላይ ስለ ታየች እርሱም ከላይ ከላይዋን ብቻ ፈለገ፤ ምንም ባያገኝ ፊቱን አከበደና አወጀ፦ «ሴንሰሩ ሞቷል። አዲስ ካሜራ ይምጣ፤ ሄጄ የማመጣውም እኔ ነኝ።»

ጀግናችን ግን ከጥግ ቆሞ ሳቀ። ማንም ዞር ብሎ ስላላየው ሳቁ ባከነ።

በዓርብ ዕለት፣ ሠራዊቱ ሁሉ ወደ ሻይ በዘመተ ጊዜ፣ አንድ-ዓይኑ ለጦርነት ወጣ። የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረ ትራይፖድ፣ ጆሮው የወለቀ ሄድፎን፣ ስልኳን እንደ ፋና ያበራች ሜካፕ ሠሪ፣ ከሴት ልጁም ቤት ተውሶ ያመጣት፣ ታጥባ የደረቀች፣ የልጅ ልጁ የአፍንጫ መሳቢያ ጎማ። የካሜራ አቧራ መንፊያ በጠየቀ ጊዜ «ባለሙያ ሲጠይቅ ይታሰባል» ብለውት ነበርና።

አስቀድሞ ካሜራውን ወደ ነጩ ግድግዳ አዞረ፤ ነጥቧም ግድግዳውን ሳመችው። አይሪሱን፣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ቢያጠብ ጠቆረች፤ ቢያሰፋ ደበዘዘች። በዚህም ነጥቧ የሰው ፊት ላይ እንዳልሆነች፣ ሌንሱም ላይ እንዳልሆነች፣ በሴንሰሯ ላይ የተቀመጠች ትቢያ እንደ ሆነች አወቀ። ደግሞም በዘመነ ሲሲዲ ከቆሻሻ ቅርጫት ባነሣው የመመሪያ መጽሐፍ፣ ጽሑፉ ባይገባው ሥዕሉን ብቻ እያየ የተማረው አንድ ምሥጢር ነበረው፤ ይኸውም ምስል በሴንሰር ላይ የሚያርፈው ተዘቅዝቆ ነው፣ ከላይ የታየ ከታች ይገኛል የሚል ነው። ዋርሳው በሥልጠናው ይህን አልሰማም፤ ወይ ይህ በተነገረበት ቀን ገበያ ወጥቶ ነበር።

እነሆ ሌንሱን ነቀለ፤ ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ ያዘ፤ ከሴንሰሯ ታችኛው ጠርዝም ትቢያይቱን አያት፣ እንደ ንግሥት ተንሰራፍታ። አንድ ጊዜ ፉሽ አደረገባት፤ ጸናች። ሁለተኛ ፉሽ አደረገባት፤ ተንቀጠቀጠች። ሜካፕ ሠሪዋም በታላቅ ድምፅ አወጀች፦ «ኧረ ቀስ! አንተ ሰውዬ፣ የልጅ አፍንጫ መሰለህ እንዴ?» በሦስተኛው ፉሽ ትቢያይቱ ዙፋኗን ለቀቀች። ግድግዳውም በስክሪኑ ላይ እንደ ተላጨ ራስ ጠርቶ ታየ።

ሰኞ ደረሰ፤ የሥራ አስኪያጁ ፊትም ያለ እንከን ወጣ። ካሜራው እየቀረጸ ሳለ ዋርሳቸውን አስነሥተው የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ አዋጁም እንዲህ ይል ነበር፦ «ባለሙያ ማለት ይህ ነው! የሞተ ሴንሰር አስነሣ! ምስጋና ለእርሱና ለሌሎችም!»

ሜካፕ ሠሪዋ አፏን ልትከፍት ስትል አንድ-ዓይኑ ጣቱን ወደ ከንፈሩ ወሰደ። መጋዘን አልገባም፤ ካሜራ ሁለት በእጁ ነው። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። በመመልከቻው ውስጥ ጌቶች ቀጥ ብለው ቆመው ይጨባበጣሉ። በካሜራው ሆድ፣ በጨለማይቱ ክፍል፣ በቴምብሯ ገበታ ላይ ግን፣ ሥራ አስኪያጁ ከነከረባታቸው፣ ዋርሳውም ከነቦርሳውና ከነወረቀቱ፣ እግራቸው ወደ ሰማይ ራሳቸው ወደ ምድር ሆኖ ተሰቅለዋል፤ ይህንም ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ በየሰኞው ታላላቆችን ቁልቁል ሰቅሎ በሰላም ለሚያወርድ፣ ዓይኑ አንድ ትዕግሥቱ ብዙ ለሆነ፣ ክብርና ምስጋና ይሁን ለሌሎችም፤ ለሌሎችም ብቻ።