ልሂድ ባዩ ጎረቤቴና እሜቴ አውራሪስ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለ፤ የሚሄድ እና «ልሂድ» የሚል። የመጀመሪያውን ማንም አያስታውሰውም። ሁለተኛውን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ይህን ስታነቡ እንኳ በራችሁን ተደግፎ ቆሞ ይሆናል።

ለእኛ ሕንፃ የደረሰው ክቡር በሉ-እንግዲህ ነው። ማዕረጉን የሰጠችው ባለቤቴ ናት። በእንስሳት ማቆያው የአውራሪስ ጠባቂ ሲሆን በሩ ከበራችን ፊት ለፊት ነው፤ ከእኛ ቤት ወጥቶ ቤቱ ለመግባት ኮሪደሩን መሻገር ብቻ ይበቃዋል። ይህችን ለመሻገር ግን ራት ከበላበት የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ጉልበቱን መታ አድርጎ «በሉ እንግዲህ» ይላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ ማንም ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ ይነሳና ቆሞ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ያወራል። ከዚያ የበሩን እጀታ ይይዛል። እፎይ ልንል ስንል ጣቱን ቀስሮ ይዞራል።

«አንዲት ነገር ብቻ!»

አንዲቷ ነገር ወልዳ ተዋልዳ ነው የምትወጣው። አንድ ጊዜ የታመመ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ፣ እሱ ተሰናብቶ ሳይጨርስ በሽተኛው ድኖ ቀድሞት ወጣ። ልጁን ወደ ትምህርቷ ሊሸኝ የሄደ ዕለት ደግሞ «አንዲት ነገር ብቻ» ብሎ አውቶቡሱ ውስጥ ቢገባ፣ አብሯት ቀጣዩ ከተማ ደረሰ። እዚያም እንደገና በደንብ ተሰናበታት።

ይህ አመሉ ያልሰለቻት አንዲት ፍጡር ብቻ ነበረች፤ እሜቴ። እሜቴ የሚጠብቃት አውራሪስ ናት። ዘመዶቿ ሁሉ ተጠራርተው ከየአገሩ ቢሰበሰቡ የሕንፃችንን ነዋሪ አያክሉም፤ ዘሯ እንደዚያ ተመናምኗል። ክቡርነታቸው የሥራ ሰዓት ሲያበቃ «በይ እንግዲህ» ይላታል። እሱ ከአጥሩ ወዲህ፣ እሷ ከአጥሩ ወዲያ፣ እስከ መጨረሻው ማዕዘን ይሸኛኛሉ። ጥቂት ሄዶ ይመለሳል። «አንዲት ነገር ብቻ፣ እሜቴ!» ጆሮዋን ወደ እሱ አዙራ ትጠብቀዋለች። እኛ ቤት ያላገኘውን አድማጭ እዚያ ነበር የሚያገኘው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የእኛን በር እንደተደገፈ፣ ለእሜቴ ባል እንደተገኘላት ነገረን። ከባሕር ማዶ ባለ ማቆያ አንድ ወንድ አለ። እሱ አርጅቶ መንገድ አይችልምና ሙሽራዋ ትሄዳለች።

«የእንስሳት ሐኪሟስ ምን አለች?» አልኩት።

«ልትፀንስም ላትፀንስም ትችላለች አለች። መንገዱም... መንገዱም ቀላል አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አይተዋትም?» አለች ባለቤቴ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን!»

«እዚህ ብትቀርስ እትዬ? ብቻዋን ታረጃለች፤ ብቻዋን ትሞታለች። አንድ እንኳ ብትወልድ ግን...»

የሚያጓጉዛት የብረት ሳጥን መጥቶ በረቷ ውስጥ ተቀመጠ። እሜቴ አሸተተችውና ጀርባዋን ሰጠችው። ለምለም ቅጠል ቢያስቀምጡላት አንገቷን ብቻ አስግጋ በልታ፣ ባለቤት እንደሌለው ግብዣ ትታው ሄደች። መላ ያገኘችው ሐኪሟ ናት፤ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሁለቱ ሲሸኛኙ ተመልክታ «ስንብትህን ከሳጥኑ ማዶ ሆነህ አድርገው» አለችው። በማግስቱ በሳጥኑ ጫፍ ባለችው ትንሽ መስኮት በኩል ቆሞ «በይ እንግዲህ» ቢላት፣ ልትሸኘው እየተጎተተች ገባች። ሄዶ ሲመለስ ቆማ ጠበቀችው። ለሳምንታት እንዲህ ተለማመዱ፤ በሩ ሲወርድም ሲነሳም መደንገጥ ተወች። ሕንፃውን ሙሉ ያስመረረ አመል ሙያ ሆኖ አረፈው።

«እናንተ ናችሁ የማትሰሙኝ!» አለን፣ እጀታውን ይዞ።

የጉዞዋ ዕለት ሁሉም አመሉን ስለሚያውቅ ተዘጋጅቶ ነበር። የማቆያው ኃላፊ የጭነት መኪናውን ሹፌር «ስንብት አለብን፤ ምሳህን በልተህ፣ ጋደም ብለህም ና» ብሎታል። ክቡርነታቸው መስኮቷ ጋ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በይ እንግዲህ» አለ።

እሜቴ ትምህርቷን ከሚገባው በላይ አውቃው ኖሯል። ሳታሸት፣ ሳታመነታ ሰተት ብላ ገባች። በሩ ወረደ። ሐኪሟ «ጎሽ! ሳትረበሽ አሁኑኑ እንጫናት» አለችና ክሬኑ ሳጥኑን አነሳው፤ ሹፌሩም ከነጉርሻው ተጠራ። ጎረቤቴ ጣቱን እንደቀሰረ ቀረ። አንዲቷን ነገር የተናገረው ለሞተሩ ድምፅ ነው።

ያን ዕለት ማታ እኛ ቤት መጥቶ ይህንኑ ነገረን። «የምላት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ» አለ። የቀረበለትን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ጉልበቱን ሳይመታ ተነሳና «ደህና እደሩ» ብሎ ወጣ። በሩም ተዘጋ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። የዓመታት ጸሎታችን ሰምሮ እያለ ሁለታችንም ከፋን። «ታመመ እንዴ?» አለች።

ወጣሁ። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ፣ ሳያዞረው ግንባሩን መዝጊያው ላይ አሳርፎ ቆሟል። አንጀቴን በላው።

«ስማ!» አልኩት። «አንዲት ነገር ብቻ!»

ቀስ ብሎ ዞረ።

«ከወለደች... ልጇ ቀንድ ይዞ ነው የሚወለደው?»

 ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ኮሪደሩን ተሻግሮ እንደ ወትሮው በራችንን ተደገፈ።

«ቀንድ ይዞማ አይወለድም! የት ሰማህ አንተ?» አለና ጀመረ። እሜቴ ትፀንስ አትፀንስ ያኔም የሚያውቅ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። እሱ ግን ግልገሏ ከሆዷ ሥር እየተሽሎከሎከች ስታስቸግራት በእጁ እያሳየኝ ነበር። ባለቤቴ ጥቂት አዳመጠችና ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት ወንበር አወጣችልን። ተመልሳም ሦስተኛውን አመጣች።