የቫይታሚን ቅርጫ

ይህን ነገር በማውራቴ አስቀድሜ ከተማችንን ሆሳዕናን፣ ቀጥሎ ሳይንስን፣ በመጨረሻም የሰፈራችንን እድር በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ግን እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሰው በአደባባይ ያሸነፈውን ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

በእኛ አገር ጤነኛ መሆን ምንም ክብር የለውም። የታመመ ሰው ይጠየቃል፣ ሾርባ ይሠራለታል፣ ፓስተሩ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይጸልይለታል። ጤነኛውን ግን "ና እስቲ ይቺን ጆንያ አንሳ" ለማለት ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ምሕረት ለማስተርስ መመረቂያዋ "ጤነኛ ጎልማሶች እፈልጋለሁ" ብላ ሰፈራችን ስትመጣ ሰዉ እንደ ሹመት ተሻማ። ባለቤቴ ብቻ፣ እኔ መመረጤን ስትሰማ፣ "ጭንቅላትም ይመረመራል?" ብላ ጠየቀች።

ጥናቱ እንዲህ ነው፦ ቫይታሚን ኢ የሚባለው ክኒን የጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለውን ብግነት ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? መቼም ከአቧራና ከማገዶ ጢስ ጋር የሚኖር ሳንባ፣ ጤነኛ ነኝ ቢልም ውስጥ ውስጡን መቆጣቱ አይቀርም። በቱቦ እፍ ትላላችሁ፣ ማሽኑ ይለካል፤ ለሳምንታት ክኒኑን ትውጣላችሁ፣ ከዚያ እንደገና እፍ።

"በጥናቱ ካሉት ግማሹ ቫይታሚኑን፣ ግማሹ ተራ ዘይት ያለበትን ክኒን ይወስዳል" አለችን ምሕረት፣ ለየሰዉ አንዳንድ ብልቃጥ እያደለች። "ለማን የቱ እንደደረሰ እናንተም እኔም አናውቅም። በእጣ ነው።"

እጣ! ይህን ቃል እኛ ሰፈር ባትጠራው ይሻል ነበር።

ሳልመጻደቅ ልናገርና፣ የሰፈሩ ቅርጫ መዳቢ እኔ ነኝ። መስቀል ሲደርስ በጋራ ያረድነውን ሰንጋ ኮባ ቅጠል ላይ የምደለድለው እኔ ነኝ። ጉበቱ ከየመደቡ ይገባል፣ ጨጓራው ይገባል፣ አጥንቱም ይገባል። እጣ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእድራችን ዳኛ አባባ ኤርጃቦ ብልቃጣቸውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት፤ ምሕረት ከሄደች በኋላ ፈረዱ።

"እጣ የሚወጣው መደቡ እኩል ሲሆን ነው። ለአንዱ ሥጋ፣ ለሌላው ባዶ ቅጠል ሰጥቶ እጣ ነው ማለት የት አገር ያለ ነው? መዳቢው የታለ?"

"አለሁ፣ አባባ።"

"በል መድብ!"

ኮባ ቅጠል ተነጠፈ። ብልቃጡ ሁሉ ተገለበጠ። ደባለቅኩ፣ አማሰልኩ፣ ሳላበላልጥ መደብኩ። በሥጋው ቅርጫ የማይገባው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ሸምሱ እንኳ በዚህኛው ገባ። "ዕድሜ ለቫይታሚን፣ በአንድ ቅጠል ዙሪያ አቆመን!" አለ። ያን ቀን ፍትሕ ሆሳዕና ላይ ስትወርድ በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ የምሕረት አማካሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ዶክተር ነው፤ "ብልቃጦቹን ልያቸው" አለ። አባባ ኤርጃቦ ክኒናቸውን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው በኩራት አሳዩት።

"ተካፈልነው፣ ልጄ። ማንም አልተበደለም።"

ዶክተሩ የሚቀመጥበት ፈለገ። "ምሕረት፣ ጥናትሽ አበቃለት። ማን የቱን እንደዋጠ በምን ይታወቃል? ዘንድሮ መመረቅ የለም።"

ልጅቷ የለፋችበትን ትምህርት ኮባ ቅጠል ላይ አጋድሜ ያረድኩት እኔ ነኛ!

ምሕረት ግን ሳቀች።

"ዶክተር፣ እቅዱን ሳቀርብ 'እጣውን ለየሰው አታወጪም? ለምን ለየሰፈሩ?' ብለው ሲቆጡኝ ያስታውሳሉ? ይኸው መልሱ። እኔ አጎቴ አንዷን ኩላሊት ለመደብ ሁሉ ሲሸነሽን እያየሁ ነው ያደግኩት። እንደሚካፈሉት ጠርጥሬ ነበር። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ የያዘው አንድ ዓይነት ክኒን ነው፤ ቢደባለቅም ያው፣ ቢመደብም ያው።"

ዶክተሩ ቅጠሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሥቶ እጇን ጨበጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ኤርጃቦ ነገሩ ባይገባቸውም ዶክተሩን ጭምር መረቁት።

ተመረቀች! በምረቃው ፎቶ ላይ መሃል የቆምኩት እኔ ነኝ፤ አይግረማችሁ። እኔ ባልመድብ ብልሃቷ በማን ይታወቅ ነበር?

ውጤቱስ? ማሽኑ ቫይታሚኑን በዋጡትና ዘይቱን በዋጡት ሰፈሮች መካከል ልዩነት አላገኘም። እኩል! መዳቢ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ለእኛ ሰፈር የደረሰው የቱ እንደነበረም ምሕረት በጆሮዬ ነገረችኝ። "ጋሼ፣ ለእድሩ አንተው አስረዳቸው" አለችኝ።

ተራ ዘይት ነበር።

ይኸው እስካሁን አላስረዳሁም። አባባ ኤርጃቦ ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ባጃጅ ትተው የገበያውን ዳገት በእግራቸው ይወጣሉ፤ "ሳንባዬ ታደሰ" ብለው ቤተ ክርስቲያን ቆመው መስክረዋል። እኔም ብሆን አንድ ጆንያ ቆጮ ሳላርፍ ተሸክሜ ስገባ ባለቤቴ በአድናቆት አይታኛለች፤ እንዲህ ካየችኝ ቆይታ ነበር።

ስለዚህ አደራ፣ ይህ ነገር እዚሁ ይቅር። አባባ ከሰሙ ዳገቱ ተመልሶ ዳገት ይሆንባቸዋል። ባለቤቴ ከሰማች ደግሞ ያ የጭንቅላቱ ምርመራ እንደገና ይነሣል።