መነጽር በደረጃ

ለሠራተኛ ደኅንነት የተጨነቁ መሥሪያ ቤቶች ታሪክ አንድ ቀን በክብር ሲጻፍ፣ የመጀመሪያው ገጽ መርሳ ከተማ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት መተው አለበት። ስሙን አልጠራም፤ በሰው ፊት መመስገን የማይወድ ትሑት መሥሪያ ቤት ነው።

ነገሩ የጀመረው ለእንጨት ሥራ ክፍሉ ጣውላን በማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ የተገዛ ዕለት ነው። ከመጋዙ ጋር አንድ ካርቶን መጣ፤ ውስጡ የዐይን መከላከያ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ የአቧራ ጭምብልና አንድ ጥንድ ጓንት ነበረ። በመጋዙ የምትሠራው አናጢዋ ዘሀራ ብቻ ናት። ተራ መሥሪያ ቤት ቢሆን ካርቶኑን እንዳለ ለእሷ ይሰጣት ነበር። ይኼኛው ግን ኮሚቴ አቋቋመ።

ኮሚቴው ሦስት ቀን ተኩል ተሰብስቦ ዕቃውን በሥራ ደረጃ አከፋፈለ። መነጽሩ ለኃላፊው ለአቶ ሲራክ ተሰጠ፤ የመሥሪያ ቤቱን ራእይ የሚያዩት እሳቸው ናቸውና። የጆሮ መከላከያው ለአቤቱታ ሰሚው ደረሰ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው በጣም እንደቀለለት ይናገራል። ጭምብሉን የሕዝብ ግንኙነቷ ወሰደች። ዘሀራም አልተረሳችም፤ ጓንቱ ደረሳት።

ዘሀራ ጓንቱን ይዛ ቢሮ ገባች።

«አቶ ሲራክ፣ ይኸ ጓንት ለዚህ መጋዝ አይሆንም። የመጋዙ ክብ ምላጭ፣ ዲስኩ፣ ሲዞር የጓንቱን ጫፍ ከያዘው እጄን ጎትቶ ነው የሚያስገባው። እኔን የሚያስፈልገኝ መነጽሩ ነው፤ ስብርባሪው ዐይን ዐይኔን ይለኛል።»

አቶ ሲራክ በመነጽሩ ውስጥ አተኩረው አዩዋት። «ጓንት የሚገዛው ለምንድን ነው?»

«ለእጅ።»

«እጁስ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«በሥራ ሰዓትስ የማን ነው?»

ዘሀራ ጓንቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔም ብሆን እወጣ ነበር።

ስለዚህ ያለ ጓንትም ያለ መነጽርም ሥራዋን ቀጠለች። እንጨቱን በማዕዘን መለኪያው በስኳድራ ለክታ በእርሳስ ታሰምራለች፤ በማጥበቂያው ብረት በሞርሳ ጥርቅም አድርጋ ታስራለች። ጣቶቿን ከዲስኩ አንድ ስንዝር ታርቃለች። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ አታወርደውም፤ ቆርጣም ጸጥ ብሎ ሳይቆም እንጨቱን አትነካም። በአርባ አምስት ዲግሪ የቆረጠቻቸው ሁለት ጥጎች ሲገጥሙ በመካከላቸው ፀጉር አያስገቡም። ለዐይኗ ግን ምንም ዘዴ አልነበራት። ማክሰኞ ዕለት ስንጣሪ ተፈናጥሮ ከዐይኗ ሥር ቆረጣት። አንድ ጣት ከፍ ቢል ኖሮ ዐይኗ ጠፍቶ ነበር። ይህን ስሰማ በእውነት ተናደድሁ።

መሥሪያ ቤቱም ተናደደና አፋጣኝ እርምጃ ወሰደ። በመጋዙ ዙሪያ ገመድ አስወጥሮ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ «የዐይን መከላከያ መነጽር ያላደረገ ማንኛውም ሰው መጋዙን መንካትም ሆነ ከገመዱ ወዲያ ማለፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ከሥሩ የአቶ ሲራክ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። ዘሀራ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤቱን ሊጎበኙ ከወልድያ እንግዶች መጡ። አቶ ሲራክ መነጽራቸውን ወልውለው ስለ ደኅንነት ባህል አርባ ደቂቃ ተናገሩ። በመጨረሻም «አሁን ዘሀራ የበር ፍሬም ጥግ ቆርጣ ታሳየናለች» አሉ።

ዘሀራ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ወላሂ አልችልም፤ ማስታወቂያው ከልክሎኛል» አለችና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «እዚህ ቤት የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የእንግዶቹ ዐይን ሁሉ በአቶ ሲራክ መነጽር ላይ ዐረፈ።

«ኃላፊው ራሳቸው ሊቆርጡ ነው እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ እንግዳ፣ በደስታ እያጨበጨቡ። «መሪ ማለት እንዲህ ነው! በሉ ያሳዩን!»

አቶ ሲራክ ገመዱን ተሻገሩ። ሞርሳ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙ አይመስሉም፤ እንጨቱን በግራ እጃቸው ከዲስኩ አፍ ሥር ያዙት።

«እጅዎን!» ብላ ዘሀራ ጮኸች።

እሳቸው ግን ቁልፉን ተጫኑት። መጋዙ ጮኸ፤ እሳቸውም ጮኹ፤ ከመጋዙ ይበልጥ የተሰማው የእሳቸው ነው። ዲስኩ ሳይወርድ እንጨቱንም ቁልፉንም ለቀው ወደ ኋላ ዘለሉ።

ከዚያ የታየው በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ፈጣኑ አገልግሎት ነው። ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ኮሚቴ፣ መነጽሩ ከአቶ ሲራክ ፊት ወርዶ ዘሀራ እጅ ገባ።

«በውክልና ነው» ብለው አስረዱ።

ዘሀራ መነጽሩን አጠለቀች፤ እንጨቱን አሰረች፤ እጇን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ አቶ ሲራክ ከአጠገቧ።

«እርስዎን። ከገመዱ ይውጡልኝ፤ መነጽር አላደረጉም።»

አቶ ሲራክ ጎንበስ ብለው በገመዱ ሥር ሾለኩና ከእንግዶቹ ጋር ቆሙ። ዘሀራ ቆረጠች፤ ሁለቱን ጥጎች አጋጠመች፤ ፀጉር አያስገባም። ሽማግሌው እንግዳ ሥራውን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ አቶ ሲራክ ጠጋ አሉ።

«ይቅርታዎን፣ እርስዎ እዚህ ቤት ሥራዎ በትክክል ምንድን ነው?»

አቶ ሲራክ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁመዋል።