ያሳሰባቸው ጎረቤቴ

ሁሉ ነገር የሚያሳስበው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ነበረኝ፤ ቀበና በአጥር የምንዋሰን የውጭ አገር ዲፕሎማት። አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ሲያዝኑ አንገታቸውን ዘንበል ማድረግም ለምደዋል። በቀይ ሽብር ሰሞን አብዮት ጠባቂዎች ባለቤቴን ወስደው ቀበሌ ሲያስሩብኝ ሮጬ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«መንግሥታችንን በጣም አሳስቦታል፣ እመቤቴ» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ባንዲራ ያለባትን መኪናዎን ይዘው ቀበሌው በር ላይ ትንሽ ቢቆሙልኝስ? ጠባቂዎቹ ሰው እያየ መሆኑን ይወቁት።»

«እሱማ በውስጥ ጉዳይ መግባት ይሆናል። ግን መግለጫችንን አጠንክረናል፤ ‹አሳስቦናል› የነበረው ‹በእጅጉ አሳስቦናል› ሆኗል።»

‹በእጅጉ›ን ይዤ ወጣሁ። እሱን ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ልጆቹን ምን ይላቸዋል? ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ተገደለ፤ ማልቀስም ተከለከልኩ።

ከወር በኋላ እነዚያው ጠባቂዎች ከዲፕሎማቱ በር ፊት ያለውን ባሕር ዛፍ ለማገዶ ሊቆርጡ መጥረቢያ ይዘው መጡ። ሰውዬው በፒጃማ ወጥተው ግንዱን ተደግፈው ቆሙ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩና መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ለካ መቆም ይችሉ ኖሯል።